የባሪያ ንግድ በቀሩት ላይ ያደረሰው



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ከቃል ገጣጥማችሁ፣ እነሆ ሙሉ ገጽ ለማንበብ በቅታችኋል። ይህን ንግግር በሬዲዮ የሰማችሁት አሁን በዐይናችሁ ተከታተሉት። ያልሰማችሁትም ቀስ እያላችሁ አንብቡት፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ስትፈልጉት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሱለት።

የባሪያ ንግድ ሲነሣ ሐሳባችን ቶሎ ብሎ የሚሄደው ወደ ተወሰዱት ነው። በሰንሰለት የታሰሩት፣ በመርከብ ሆድ ውስጥ እንደ ማገዶ የተደረደሩት፣ በአሜሪካ የጥጥና የሸንኮራ እርሻ ላይ ያለቁት ይታዩናል። እነሱን ማሰብ ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ስለ ቀሩት እንነጋገር። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ሳትመለስ የቀረችው ልጅ እናት ከዚያ በኋላ እንዴት ኖረች? ልጅቱን የሸጠው ሰውዬስ በማግስቱ ከማን ጋር ቁጭ ብሎ በላ? የመንደሩ ሰው ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ይከፍት ነበር ወይ?

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሩ ጥቂት እንበል። በ1444 ዓ.ም. ሌጎስ በምትባል የፖርቱጋል ወደብ 235 አፍሪካውያን ከመርከብ ወርደው ለገዢ ተከፋፈሉ። በ1482 ዓ.ም. ፖርቱጋሎች ዛሬ ጋና በምንላት አገር የባሕር ዳርቻ ላይ ኤልሚና የተባለውን ምሽግ ሠሩ። መጀመሪያ የመጡት ለወርቅ ነበር። እያደር ግን ሰው ከወርቅ ይበልጥ አዋጣቸው። ሆላንዱም፣ እንግሊዙም፣ ፈረንሳዩም ተከታትለው ገቡበት። የመርከቦቹ መዝገብ በዘመናችን ተሰብስቦ ሲቆጠር፣ ከ1501 እስከ 1866 ዓ.ም. ድረስ ወደ 12 ሚሊዮን ተኩል የሚሆኑ ሰዎች ከአፍሪካ ተጭነው አትላንቲክን እንዲሻገሩ ተደርገዋል። በሕይወት የወረዱት 10 ሚሊዮን ከ700 ሺህ ያህል ናቸው። የቀሩትን ባሕር በላቸው።

ይህ እንግዲህ የአትላንቲኩ ብቻ ነው። በሰሐራ በረሃ፣ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ በኩል የተነዱት ሌሎች ሚሊዮኖች አሉ። በግመል ቅፍለትና በጀልባ የሄደውን ሰው ግን እንደ መርከቡ ጫኝ በመዝገብ የያዘው የለም።

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ እናንሣ። እነዚህን ሁሉ ሰዎች ማን ያዛቸው?

ነጮቹ ራሳቸው ጫካ ገብተው የያዟቸው ጥቂት ናቸው። ወደ መሀል አገር ቢገቡ ወባው ይፈጃቸው ነበር። የአገሩም ነገሥታት ብርቱዎች ስለ ነበሩ እንዲህ በቀላሉ አያስገቧቸውም። ስለዚህ በባሕር ዳር ምሽግ ሠርተው፣ ጨርቁን፣ ጠመንጃውን፣ ባሩዱን፣ አረቄውን፣ የብረት ዘንጉንና ዛጎሉን ዘርግተው ይጠብቁ ነበር። ሰውየውን እስከ ባሕሩ ድረስ የሚነዳው የአገሩ ሰው ነው። ይህን መናገር ደስ አይልም። የገዢው በደል በዚህ አይቀንስም፤ ሸቀጡን ዘርግቶ ‹‹ሰው አምጡ›› ያለው እሱ ነውና። ነገር ግን ይህን ዘለን ካለፍን በቀሩት ላይ የደረሰው ጉዳት አይገባንም።

የኮንጎን ንጉሥ እንመልከት። ይህ መንግሥት ዛሬ አንጎላና ኮንጎ በሚባሉት አገሮች ውስጥ ነበር። ንጉሡ ንዚንጋ ምቤምባ ይባላሉ፤ ክርስትና ተነሥተው አፎንሶ ተብለዋል። ፖርቱጋሎችን በወዳጅነት የተቀበሉ፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ ንጉሥ ነበሩ። እሳቸውም በጦርነት የተማረከ ሰው ይሸጡ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በ1526 ዓ.ም. ግን ለፖርቱጋል ንጉሥ ተደጋጋሚ ደብዳቤ ጻፉ። ነገሩ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ሰዎቻቸው የነጮቹን ዕቃ ከመመኘታቸው የተነሣ የገዛ አገራቸውን ሰው እየሰረቁ ይሸጣሉ፤ የመኳንንት ልጆችና የንጉሡ ዘመዶች ሳይቀሩ እየተወሰዱ ነው፤ አገሩም እየተራቆተ ነው ብለው አመለከቱ። የሚሸጠው ሰው በእርግጥ ምርኮኛ መሆኑን የሚመረምሩ ሦስት ሹማምንትም አቆሙ። ንግዱ ግን ቀጠለ። አያችሁ፣ በጠላት ላይ የተከፈተ በር በልጅ ላይ ሊዘጋ አልቻለም።

ሌላ ሰው ልንገራችሁ። አዩባ ሱሌይማን ዲያሎ ይባላል። አገሩ ቡንዱ ነው፤ ቡንዱ በዛሬዋ ሴኔጋል ውስጥ ይገኛል። አባቱ የሃይማኖት መምህር ስለ ነበሩ ቁርኣን ጠንቅቆ የተማረ ሰው ነው። በ1731 ዓ.ም. አባቱ ሁለት ሰዎች ሸጦ ወረቀት ገዝቶ እንዲመጣ ወደ ጋምቢያ ወንዝ ላኩት። ለጽሕፈት የሚሆን ወረቀት ማለት ነው። ከእንግሊዙ የመርከብ አዛዥ ጋር በዋጋ ስላልተስማማ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሰዎቹን በላም ለወጣቸው። ሲመለስ በአንድ ወዳጁ ቤት ለማረፍ ገባና መሣሪያውን ሰቀለ። በዚያን ጊዜ ዘራፊዎች ደርሰው ያዙት። የጦር ምርኮኛ እንዲመስል ጢሙንና ጠጉሩን ላጩት። ከዚያም ለዚያው፣ በዋጋ ላልተስማማው እንግሊዛዊ ሸጡት። አባቱ ማስለቀቂያ ልከው ነበር፤ ነገር ግን መርከቡ ቀድሞ ሄደ። አዩባ ሜሪላንድ በተባለው የአሜሪካ ግዛት በትምባሆ እርሻ ላይ ተጣለ። በዐረብኛ የጻፈው ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ሰዎች ስላወቁለት በ1733 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ1734 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ተመለሰ። ከተወሰዱት ሚሊዮኖች መካከል እንዲህ ለመመለስ የበቃው እጅግ ጥቂት ነው። ሲወጣ ሻጭ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ተሸጠ ማለት ይቻላል። በዚህ ንግድ ውስጥ ‹‹እኔ ከሻጮቹ ወገን ነኝ፣ አልነካም›› የሚል ሰው ዋስትና አልነበረውም።

ከዚህም የተነሣ ሕዝቡ መንገድ ፈራ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ጠፋ። ወንዱ ለእርሻ የሚወጣው መሣሪያ ይዞ ሆነ። ሜዳ ላይ ያለ ለም መሬት እየተተወ ሰው ወደ ገደልና ወደ ረግረግ ሸሸ። በናይጄሪያና በካሜሩን መካከል ባለው የማንዳራ ተራራ ላይ ሕዝቡ ድንጋይ ክቦ፣ እርከን ሠርቶ፣ በቀጭን አፈር ላይ ማሽላ ሲዘራ ኖሯል፤ ኮንሶን ያየ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። ከሜዳው የሚመጣው ፈረሰኛ ፈንጋይ እዚያ ድረስ መውጣት ይቸገር ነበር።

በዛሬዋ ቤኒን ውስጥ ደግሞ ኖኩዌ የሚባል ሐይቅ አለ። በዚያ ሐይቅ ላይ ጋንቪዬ የምትባል ከተማ አለች። በሐይቁ ዳር አላልኩም፤ በሐይቁ ላይ ነው ያልኩት። ቤቶቹ ውሃው ውስጥ በተተከለ ረጅም እንጨት ላይ የቆሙ ናቸው። ገበያው በጀልባ ነው፤ ልጆችም ጎረቤት የሚሄዱት በጀልባ ነው። ሰዎቹ ቅርንጫፍ ውሃው ውስጥ እየተከሉ ዓሣ ያረባሉ። ታዲያ ሰው ደረቅ መሬት ሞልቶ ሳለ ስለምን ውሃ ላይ ይኖራል? የዳሆሜ ንጉሥ ወታደሮች ሰው ለመያዝ ሲመጡ ሸሽተው የገቡበት ስለ ሆነ ነው። የዳሆሜ ወታደር ውሃ ላይ እንዳይዋጋ ሃይማኖቱ ይከለክለው ነበር ይባላል። ፈንጋዩ ከቀረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም በአስር ሺህ የሚቆጠር ሰው እዚያው ውሃው ላይ ይኖራል። ውሃው ለመሸሸጊያ ተመረጠ፣ ከዚያም አገር ሆኖ ቀረ።

ስለ ዳሆሜ ካነሣን አይቀር፣ ይህ መንግሥት እንዴት እንደ በረታ እንይ። ንጉሡ አጋጃ በ1727 ዓ.ም. ዊዳ የተባለችውን የባሕር በር ያዙ። ከዊዳ ወደብ ብቻ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ተጭኗል። ሰው ተሸጦ ጠመንጃ ይገዛል፤ በጠመንጃው ደግሞ ሰው ይያዛል። ጎረቤት አገር ‹‹እኔ በዚህ ነገር ውስጥ አልገባም›› ቢል፣ ጠመንጃ ስለሌለው ራሱ ተይዞ ይሸጣል። ስለዚህ የማይፈልገውም እየገባ ሄደ። ዕርሻና ሽመና፣ ብረት ማቅለጥና ማዕድን ማውጣት አያዋጣም ተባለ። ያ ሁሉ ሰው ተሽጦ በምትኩ የገባው ዕቃስ ምን ሆነ? ጨርቁ አለቀ፣ አረቄው ተጠጣ፣ ባሩዱ ተተኮሰ። እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው ዛጎል ከሩቅ፣ ከማልዲቭ ደሴቶች በመርከብ እየተጫነ የሚመጣ ነበር። በኋላ ከመጠን በላይ ስለ ገባ ዋጋው ወደቀ። በሰው የተገዛው ሀብት በጆንያ የተከማቸ ዛጎል ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ የከፋው ግን ዳኝነት መበላሸቱ ይመስለኛል። ድሮ ሌባ ካሣ ይከፍላል፤ ባለዕዳም ሠርቶ ይመልሳል። ንግዱ ከገባ በኋላ ግን ለብዙ ጥፋት ቅጣቱ መሸጥ ሆነ። በዕዳ መያዣነት የተሰጠ ልጅ ሳይመለስ ቀረ። ጠንቋይ ነው የተባለ ሰው ከነቤተሰቡ ተሸጠ። ዳኛው ከሽያጩ ተካፋይ በሆነበት ቦታ ንጹሕ ሰው ከየት ይገኛል? በዛሬዋ ናይጄሪያ በደቡብ ምሥራቅ፣ አሮቹኩ በሚባል ቦታ፣ ከዋሻ ውስጥ ፍርድ የሚሰጥ የታወቀ መንፈስ አለ ይባል ነበር። ከሩቅ አገር ሰው ክርክሩን ይዞ ይመጣል። የተፈረደበት ሰው ወደ ዋሻው ይገባና አይወጣም። ዘመዶቹ ‹‹መንፈሱ በላው›› ብለው አልቅሰው ይመለሳሉ። የሚያሳምን እንዲሆን ከዋሻው የሚወርደውን ውሃ በቀይ ቀለም ያቀሉት ነበር ይባላል። ሰውየው ግን በሌላ በኩል ወጥቶ ወደ ባሕር ይነዳ ነበር። ቦታውን እንግሊዞች በ1901 እና በ1902 ዓ.ም. ባካሄዱት ዘመቻ አፈረሱት። እንግዲህ ፍትሕ ፍለጋ የሄደ ሰው በፍርድ ቤቱ በር በኩል ከተሸጠ፣ ልጆቹ ዳኛን እንዴት ይመኑ?

የቤተሰቡም ነገር ተናጋ። ወደ አሜሪካ ከተጫኑት ውስጥ ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ወንዶች ነበሩ፤ ያውም ወጣቶች። ፖርቱጋሎች በ1777 ዓ.ም. በአንጎላ ሕዝብ ሲቆጥሩ ለአካለ መጠን ከደረሱት መካከል ሴቶቹ ከወንዶቹ እጅግ በዝተው ተገኙ። እርሻውም፣ ልጅ ማሳደጉም፣ ሽማግሌ መጦሩም በሴቶቹ ላይ ወደቀ። አንድ ወንድ ብዙ ሚስት ማግባቱም በዚያ አካባቢ ይበልጥ ተስፋፋ።

እንግሊዝ በ1807 ዓ.ም. ንግዱን በሕግ ከለከለች። ክልከላው በአፍሪካ ውስጥ ያለውን ባርነት ወዲያውኑ አላቆመውም። እንዲያውም በብዙ ቦታ ጨመረ ይላሉ የታሪክ ሰዎች። መርከቡ ሲቀር የሰው ዋጋ ረከሰ፤ በዳሆሜም የተያዘው ሰው በዘንባባ ዘይት እርሻ ላይ እንዲሠራ ተደረገ። ዘይቱን የሚገዙት ያው አውሮፓውያን ነበሩ፤ ለሳሙናና ለማሽን ማለስለሻ ይፈልጉት ነበር።

ይህ ሁሉ አልፏል፤ ዛሬ ምን አገባን የሚል ይኖራል። ስለዚህ አንድ ጥናት ልንገራችሁ።

ሊዮናርድ ዋንቼኮን የሚባል የቤኒን ተወላጅ ምሁር አለ። የዳሆሜ መንግሥት የነበረበት አገር ልጅ ነው። ይህ ሰው ከካናዳዊው ኔተን ነን ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. ጥናት አወጣ። በ2005 ዓ.ም. በ17 የአፍሪካ አገሮች ከ20 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው። ዘመዶችህን ታምናለህ ወይ? ጎረቤቶችህንስ? የአካባቢህን ምክር ቤትስ? ሁለቱ ምሁራን መልሱን ከጥንቱ የባሪያ ንግድ መዝገብ ጋር አስተያዩት። ቅድመ አያቶቹ በብዛት ከተሸጡበት ወገን የተወለደ ሰው፣ ዛሬም ጎረቤቱንና ዘመዱን የሚያምነው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ከአያቶቹ አገር ርቆ ሌላ ቦታ ቢኖር እንኳ ይኸው ይታይበታል። ጥርጣሬው ከቦታው ይልቅ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደ ምክር ሲወርድ መጣ ማለት ነው። ‹‹ልጄ፣ ማንንም አትመን›› የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ነፍስ ያድን ነበር። አደጋው ሲያልፍ ምክሩ ቀረ።

አለመተማመን ምን ያህል እንደሚጎዳ ለናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ዕቁብ የምትጥሉ ሰዎች ናችሁ። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋስ? እሱን የሚያስቀረው ዋሱና የሰው ዐይን ነው። እርስ በርሱ በማይተማመን አገር ግን ዕቁብ አይቆምም፣ ዱቤ አይሰጥም፣ ነጋዴውም ከዘመዱ ውጭ ሸሪክ አያገኝም። ይኸው ኔተን ነን ቀደም ሲል፣ በ2008 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ብዙ ሰው የተወሰደባቸው አገሮች ዛሬ ከሌሎቹ ይበልጥ ድሆች መሆናቸውን አሳይቷል። የሚያሳዝነው፣ እነዚህ አገሮች ከንግዱ በፊት ሕዝብ የበዛባቸውና የተሻለ ኑሮ የነበራቸው መሆናቸው ነው።

ይህን ጥናት የሚነቅፉ አሉ። ከባሪያ ንግድ በኋላ ቅኝ ግዛት መጣ፤ ድንበር ያለ ሕዝቡ ፈቃድ ተሰመረ፤ ሁሉን በአንድ ምክንያት ማሳበብ አይገባም ይላሉ። እውነት አላቸው። ድህነት አንድ አባት ብቻ የለውም። ቢሆንም ጋንቪዬ ዛሬም ውሃ ላይ ናት።

ወደ ራሳችን አገር ስንመለስ፣ እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። ባሪያ ፍንገላ የሚለው ቃል የእኛው ነው። ከከፋ፣ ከእናርያና ከወላይታ የተያዘው ሰው በጅማ ሂርማታ፣ በጎጃም ባሶና በመተማ ገበያ እያለፈ ወደ ምጽዋና ወደ ታጁራ ወደብ ይነዳ ነበር። በ1888 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘ። ከተለቀቁት መካከል 64 የኦሮሞ ልጆች በ1890 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው ላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። ማን እንደያዛቸው፣ በማን በማን እጅ እንዳለፉ አንድ በአንድ ተጠይቀው ተናግረዋል፤ ቃላቸውም ተጽፎ አለ። ከነሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር የደቡብ አፍሪካን የዘር አገዛዝ በመቃወሙ ከ1964 እስከ 1974 ዓ.ም. በሮበን ደሴት ከኔልሰን ማንዴላ ጋር ታስሯል።

ባርነት በአገራችን ጨርሶ በአዋጅ የተሻረው በ1942 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ ነሐሴ 1934 መሆኑ ነው። ከዚያ በፊትም አዋጆች ወጥተው ነበር፤ በደንብ አልሠሩም። አዋጁ ሰንሰለቱን ፈታ። በጠብ ጊዜ ከአፍ የሚወጣውን ስድብ ግን አላጠፋውም። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ አጥንት ቆጥሮ ‹‹የእገሌ አያት ተገዝቶ የመጣ ነው›› የሚል ሰው ዛሬም በአንዳንድ አካባቢ አይጠፋም። በጋና የአሻንቲ ሕዝብ ዘንድ ግን የሌላውን ሰው የትውልድ ምንጭ በአደባባይ መግለጥ በባህላዊ ሕግ የተከለከለ ነበር። ከምርኮኛና ከባለአገር የተቀላቀለ ሕዝብ አብሮ እንዲኖር ብለው ያወጡት ነው። እነሱም ሰው ሸጠዋል፤ ይህ ሕጋቸው ግን ይበል የሚያሰኝ ይመስለኛል።

ለመጨረሻ ወደ ዊዳ እንመለስ። በባሕሩ ዳርቻ፣ ሰዎቹ በተጫኑበት አሸዋ ላይ፣ ‹‹የማይመለሱበት በር›› የተባለ ሐውልት ቆሟል። ፍራንሲስኮ ፌሊክስ ደ ሱዛ የተባለ ብራዚላዊ ባሪያ ነጋዴ በዚያች ከተማ ኖሮ በ1849 ዓ.ም. ሞቷል። ዘሮቹ እስከ ዛሬ የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው። ከብራዚል ነጻ ወጥተው የተመለሱት ሰዎች ልጆችም እዚያው ይኖራሉ። በአንድ ከተማ ይገበያያሉ፣ ይጋባሉ። በ1999 ዓ.ም. የቤኒን ፕሬዚዳንት ማቲዩ ኬሬኩ ባልቲሞር በተባለችው የአሜሪካ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተንበርክከው፣ አፍሪካውያን በዚህ ንግድ ስለነበራቸው ድርሻ ከጥቁር አሜሪካውያን ይቅርታ ጠየቁ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ቤኒን ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት ከአፍሪካ ለተወሰዱ ሰዎች ዜግነት የሚሰጥ ሕግ አወጣች። አመልካቹ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። የቤተሰብ ጽሑፍ ይሆናል፤ የምስክር ቃል ይሆናል፤ ካልሆነም የደም ዘር ምርመራ ውጤት ይቀበላሉ። ሲጫን ስሙን ማንም ላልጻፈለት ሰው፣ የልጅ ልጅ ልጁ ዛሬ ፎርም እየሞላለት ነው።